ደጎሎ ላይ ምስር በስንት ልግዛ? ስሌቱን አንዴ ሠርታችሁ ስም ስጡት

ከጃማ ደጎሎ በኩል ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «አዲስ አበባ ምስር በዚህ ዋጋ እየሄደ ከሆነ፣ እዚህ ስንት ድረስ ልግዛ?» ስሌቱ ከባድ አይደለም። ችግሩ የዩኒየኑ ሒሳብ ሠራተኛ፣ መጋዘን ያለው ልጅና ነጋዴው ያንኑ ፎርሙላ እየገለበጡ በየፋይላቸው መሥራታቸው ነው። አንዱ ያለፈውን ወር የጭነት ዋጋ ይዞ ይቀራል፣ ሌላው ብጣሪውን ይረሳል።

መፍትሔው ስሌቱን አንዴ ጽፎ ስም መስጠት ነው፤ «የተጣራ» በሉት። ከዚያ በኋላ ስሙን ጠርቶ ሦስት ነገር መስጠት ብቻ ነው፦ የአዲስ አበባ ዋጋ፣ የብጣሪ ፐርሰንት፣ የአንድ ኩንታል ወጪ (ጭነት፣ ጫኝና አውራጅ፣ ኮሚሽን)።

ውስጡ ያለው ይኸው ነው፦
ዋጋ × (1 − ብጣሪ) − ወጪ

ለምሳሌ ያህል (የዛሬ ዋጋ አይደለም) ዋጋው 12,000 ብር፣ ብጣሪው 4%፣ ወጪው 450 ብር ቢሆን፦ 11,520 − 450 = 11,070 ብር። ትርፍ ገና አልተቆጠረም፤ ከዚህ በላይ የገዛ ከኪሱ ይጨምራል።

የት ይሠራል?

👉 ጉግል ሺትስ፦ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ኮምፒውተር ላይ «ዳታ» ከሚለው ሜኑ «ኔምድ ፈንክሽንስ» የሚለውን ክፈቱ። ወደ ሌላ ፋይል ለመውሰድ «ኢምፖርት» አድርጉ።

👉 ኤክሴል፦ ላምዳ በሚባለው ፈንክሽን ጽፋችሁ «ኔም ማናጀር» ውስጥ ስም ትሰጡታላችሁ። ማይክሮሶፍት 365 እና ኤክሴል 2024 ላይ ይሠራል። 2016፣ 2019 እና 2021 ላይ የለም፤ ስለዚህ ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ተቀባዩ የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቁ።

ጥንቃቄ!

ብዙ ሰው ፎርሙላው ውስጥ ብጣሪውን «÷ 100» ያደርጋል። ሠራተኛው 4 በማለት ፈንታ 4% ብሎ ከጻፈ ሁለት ጊዜ ይካፈልና መልሱ 11,545.20 ይሆናል። በኩንታል 475.20 ብር፣ በ200 ኩንታል 95,040 ብር ስህተት ነው። ቁጥሩ እውነት ስለሚመስል ማንም ልብ አይለውም። ከላይ በሰጠነው ስሌት ግን የፐርሰንት ምልክቱ ከተረሳ መልሱ −36,450 ይመጣል። ስህተቱ ራሱ ይጮኻል።

ስም የተሰጠው ስሌት ትክክል ከሆነ ለሁሉም ትክክል ነው፤ ከተሳሳተም ለሁሉም ይሳሳታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጭነት በካልኩሌተር አመሳክሩ፤ የሚያስተካክለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ዋናው ፋይል ላይ ስታሻሽሉት ቀድሞ ወደ ሌላ ፋይል የሄደው አብሮ አይቀየርም፤ እንደገና መውሰድ ያስፈልጋል። የጭነት ዋጋን ግን ፎርሙላው ውስጥ አትቅበሩት፤ በሴል ላይ ይታይ፣ በየሳምንቱም ይታደስ።

መልካም ገበያ!