የዓሣው ዘር እንዳይጠፋ

በሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ አጠገብ ሐይቅ አለ። አስጋሪዎች በጀልባ ወጥተው ቆሮሶና አምባዛ ያጠምዳሉ።

እናት ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቿንም በአፏ ትጠብቃለች። ታዲያ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ያልደረሰውን ሁሉ ይጠርጋል። ሳይወልድ የተያዘ ዓሣ ለከርሞ ዘር አይተውም። የዘር እህሉን ፈጭቶ የበላ ገበሬ ምን ይዘራል?

ችግሩ የዓለም ሁሉ ነው። ስለዚህ በ1988 ዓ.ም. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አባል አገሮች ስለ ዓሣ ማስገር ደንብ አጸደቁ። በፈንጂና በመርዝ ማስገር ይቅር፣ ያልደረሰው ዓሣ ይትረፍ ይላል። አገራችንም በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 አወጣች። ለንግድ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት።

እንግዲህ መረብ ስንገዛ ዓይኑ ሰፋ ያለውን እንምረጥ። ዛሬ ያመለጠው ትንሽ ዓሣ ለከርሞ ወልዶ፣ አድጎ ይጠብቀናል።