ካሴት ውስጥ የቀረው ሠርግ

ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ከመሆኑ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ሠርግና ምርቃት የሚቀረጸው በካሴት ነበር። ዛሬ እዚያው አያት ኮንዶሚኒየም ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የሠርግ ካሴት፣ ቤተሰቡ ከሚገምተው በላይ የጠራ ምስል ይዞ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ኤችዲቪ ይባላል። በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ፣ 1440 በ1080 ፒክስል ምስል በትንሿ ሚኒ ዲቪ ካሴት ላይ የሚቀርጽ አሠራር ነው። ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጠው በፋየርዋየር ገመድ ሲሆን የአንድ ሰዓት ካሴት ሙሉ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ፋይሉም ወደ 12 ጊጋባይት ይጠጋል።

ብዙ ጊዜ ጥራቱ የሚበላሸው ገና ከካሜራው ሳይወጣ ነው። በሶኒ ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ «አይ ሊንክ ኮንቨርት» የሚለው ከበራ፣ ካሜራው ምስሉን አሳንሶ ተራ ዲቪ አድርጎ ይልከዋል። ኤዲተሩ ልብ ካላለ የሚያስቀምጠው ያንን የደበዘዘ ቅጂ ነው፤ ያሳዝናል። መጀመሪያ አይ ሊንክ ኮንቨርት ይጥፋ። ከዚያ ገመዱ ይሰካና በቪዲዮ ማቀናበሪያው አዶቤ ፕሪሚየር የካፕቸር መስኮት ላይ ዲቪ የሚለው ወደ ኤችዲቪ ይቀየር። እዚህ አገር የተለመደው የቪዲዮ ሥርዓት ፓል ስለሆነ ፕሮጀክቱ አብዛኛውን ጊዜ 1080አይ፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም ይሆናል።

ጊዜው እያጠረ ነው። አፕል በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማክኦኤስ ታሆ የፋየርዋየር ድጋፍን አስቀርቷል። ካሴት ያለው ሰው የሚሠራ ካሜራና ቆየት ያለ ኮምፒውተር ያለው ስቱዲዮ ካገኘ ዛሬውኑ ያስገልብጥ፤ ፋይሉንም በሁለት ሃርድ ዲስክ ይያዘው።