ስለ ካምቢዮ ተሸካሚ ብረት

ለአሮጌ ጂፕ ሌላ ዓይነት ካምቢዮ የሚሸጥ ነጋዴ ለገዢው አስቀድሞ ሊያስረዳው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ካምቢዮው ስለሚያርፍበት አግዳሚ ብረት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1983 በተሠራው ጂፕ ሲጄ-5 ላይ ካምቢዮው በሁለቱ የሻንሲ ብረቶች መካከል በተጋደመ ብረት ላይ፥ በጎማ ትራስ ተደግፎ ይቀመጣል። ባለ 3 ማርሹ ቲ-90 ወጥቶ ባለ 4 ማርሹ ቲ-18 ሲገባ ግን፥ አዲሱ ረዘም ያለ ስለ ሆነ ማረፊያው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የቀድሞው ብረትም አይገጥምም።

ስለዚህ በልኩ ሌላ ማሠራት ግድ ነው። ልኩ የሚወሰደው ሞተሩና ካምቢዮው በትክክለኛ ቦታቸው በክሪክ ተደግፈው ነው፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ አለቅጥ ያዘመመ እንደ ሆነ ክሮቸራው ቶሎ ያልቃልና። ለሥራውም ግድግዳው 3 ሚሊሜትር ያህል የሚወፍር ቱቦላሬ ይበቃል። ከሻንሲው ጋራ በቡሎን እንጂ በብየዳ አይያያዝ፤ የተበየደ እንደ ሆነ ፍሪሲዮን ለመለወጥ ካምቢዮውን ለማውረድ ብረቱን መቍረጥ ይመጣል። የጎማው ትራስም ከቀረ፥ ሻንሲው በወጣ ገባ መንገድ ሲጣመም የካምቢዮው ቀፎ ሊሰነጠቅ ይችላል።

እንግዲህ ካምቢዮ አስመጪው ይህን ቢናገርና የጎማውን ትራስ፥ 8.8 የሚል ምልክት ያለበትንም ቡሎን አብሮ ቢያቀርብ፥ «አልገጠመም» ተብሎ የሚመለስበት ዕቃ ይቀንስለታል።