የመኪና ጢስ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ስለሚገባበት መንገድና ስለ መከላከያው

ከጅማ ተነሥቶ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ የሚወስደው መንገድ ዝናብ የሚበዛበት ስለ ሆነ፣ ተሳፋሪው መስኮቱን ዘግቶ መጓዝን ይመርጣል። በዚህ ሁኔታ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ራሱን ሲያመው፣ ሲያጥወለውለውና እንቅልፍ ሲጫነው፣ ምክንያቱን በመንገዱ ጠመዝማዛነት ያሳብባል፤ ወደ ቴፒ ቆላ ከወረደ በኋላ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ወባ ነው ይላል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው፤ ወባ የጠረጠረ ሁሉ ደሙን መመርመር ይገባዋል። ነገር ግን በአንድ መኪና የተሳፈሩ ሦስት አራት ሰዎች ትኩሳት ሳይኖራቸው ባንድነት ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወርደው ነፋስ ሲያገኙም ሕመሙ ከቀለለላቸው፣ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ማርሚታው ነው።

ጎጂው ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ይህም በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ አቅርበው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ቀለምም ሽታም የለውም። ክሎድ ቤርናር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1857 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ጋዙ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይወስዳል። ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ጥቂት ቢሆንም በረጅም ጉዞ ይጠራቀማል። ሰውየው ወደ ንጹሕ አየር ከወጣ በኋላ እንኳ የጋዙ ግማሽ ከደሙ እስኪለቅ ድረስ አራት ወይም አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ነጂው የደነዘዘ እንደ ሆነ አደጋው በእርሱ ብቻ የሚቀር አይደለም። በሐኪም ቤት በጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው የኦክሲጅን መለኪያም ሁለቱን ስለማይለይ፣ የታፈነውን ሰው ጤነኛ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል።

እዚህ ላይ አፍንጫ ሐሰተኛ ምስክር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። የናፍጣ ሞተር ሽታው ይከረፋል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በዘመኑ ማጣሪያ ከሌለው የቤንዚን ሞተር እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሽታው ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቀው የቤንዚን መኪና ይበልጥ የሚያስፈራ ነው።

ጢስ ወደ ውስጥ እንዲገባ ሁለት ቀዳዳዎች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው ከቱቦው የሚወጣበት፣ ሁለተኛው ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚገባበት ነው። ብዙ መካኒኮች የመጀመሪያውን በየዱ ማለት ሥራው አለቀ ማለት ይመስላቸዋል።

የመጀመሪያውን ለማግኘት ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ጧት መጀመር ይሻላል፤ ብረት ሲግል ስለሚሰፋ ስንጥቁን ይደፍነዋልና። ቱቦው ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት በጓርኒሲዮኑ ዙሪያ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም ጥላሸት ከታየ፣ መውጫው እዚያ ነው። ይህ ካልታየ ሞተሩን አጥፍቶ የጎሚስታውን የአየር ቱቦ በማርሚታው ጫፍ አስገብቶ ዙሪያውን በጨርቅ መወተፍና በመጠኑ መንፋት ነው። ረዳቱ በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ሲቀባ፣ አረፋው የሚንተከተክበት ሥፍራ ቀዳዳው ነው። ጎማ ለሚነፋ ሰው ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም።

በዚህ አገር ማርሚታ ቶሎ የሚበላው ከውጭ በሚነካው ጭቃና ዝናብ ብቻ አይደለም። ነዳጅ ሲቃጠል ውሃም ይፈጠራል፤ መኪናው በከተማ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ ብቻ ሲሠራ ቱቦው በደንብ ስለማይሞቅ፣ እንፋሎቱ ውስጡ ውሃ ሆኖ ይቀርና ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ከላይ ደኅና የሚመስለው ቱቦ በመዶሻ ቀስ ብለው ሲነኩት የሚበሳው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ቀዳዳ ለማግኘት አቧራና ዝናብ ራሳቸው ይረዳሉ። መኪና ሲሮጥ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል፤ ስለዚህ ከጫፉ የወጣው ጢስ ተመልሶ ወደ ኋላው በር ይጠጋል። የኮረት መንገድ ላይ አቧራ በኋላ በር የሚገባ ከሆነ ጢሱም በዚያው ይገባል። ትርፍ ጎማ ከኋላ በራቸው ላይ በሚንጠለጠልባቸው እንደ ላንድክሩዘር ባሉ መኪናዎች ክብደቱ ማጠፊያውን ስለሚያወርደው፣ የበሩ ላስቲክ ከላይ በኩል ክፍት ይሆናል። ወረቀት በበሩ መካከል ዘግቶ መሳብ ነው፤ ያለ ችግር ከወጣ ላስቲኩ አይዘጋም ማለት ነው። ለወለሉ ደግሞ አንድ ሰው በጨለማ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ሌላው ከሥር ባትሪ ያብራ፤ በካምቢዮው ሥር፣ በፍሪሲዮኑና የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍባቸው ሥፍራዎች ብርሃን የታየበት ሁሉ መደፈን አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ብልሽት ሳይሆን ልማድ ነው። በቡና ወቅት ጆንያው ሲተርፍ የኋላውን በር ክፍቱን በገመድ አስሮ መሄድ የተለመደ ነው፤ ይህ ጢሱን በእጅ ጠርቶ እንደ ማስገባት ነው። መስኮት በጥቂቱ መክፈትም ሁልጊዜ አይጠቅምም፤ አየሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ስቦ ከኋላ ጢስ ሊያስገባ ይችላል። ግድ ከሆነ የፊቱን ማራገቢያ የውጭ አየር እንዲያስገባ አድርጎ በኃይል መክፈት ይሻላል።

ጥገናውን በተመለከተ፣ የዛገውን ክፍል በቆርቆሮና በሽቦ መጠቅለል አንድ ሳምንት አያሻግርም። በሳሳ ብረት ላይ መበየድም አጠገቡን ይበሳል፤ ደኅና ብረት እስኪገኝ ቆርጦ አዲስ ቱቦ መቀጠል ነው። የተፈታ ጓርኒሲዮን እንደገና አይገጠምም፣ ይለወጣል። ድንጋይ መትቶት ያጠረ ጫፍም ከመኪናው አካል አልፎ እንዲወጣ ሊቀጠል ይገባዋል፤ በወለሉ ሥር የሚያልቅ ቱቦ ቀዳዳ እንዳለው ይቆጠራል።

ሥራው ካለቀ በኋላ የካርቦን ሞኖክሳይዱን መጠን በቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ በኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ መስኮቱን ዘግቶ ዳገትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ መንዳት ያስፈልጋል። ለመኖሪያ ቤት የተሠራው የማስጠንቀቂያ ደወል ለዚህ አይበቃም፤ መካከለኛ በሆነ መጠን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ እንዲጮኽ የተዘጋጀ ነውና፣ ዝም ማለቱ ጢስ የለም ማለት አይደለም።