ራሳቸውን የሚያጎርሱ የጥንት የአደን ጠመንጃዎችና የዛሬ ባለቤቶቻቸው

ሰው የሠራው መሣሪያ ዘመኑ ሲያልፍበት ከሁለት ዕጣ አንዱ ይደርሰዋል፤ ወይ ተጥሎ ይረሳል፤ ወይም ከተሠራበት ጥቅም የተለየ ሌላ ክብር ያገኛል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ የተሠሩት፣ ራሳቸውን የሚያጎርሱ አጫጭር የአደን ጠመንጃዎች የሁለተኛው ዕጣ ምሳሌ ናቸው። በወጡበት ዘመን የአውሬን ዘር ያጠፋሉ ተብለው የተከሰሱት እነዚህ ጠመንጃዎች፣ ዛሬ ከአያት ለልጅ ልጅ የሚተላለፉ ቅርሶች ሆነዋል። ይህ ለውጥ እንዴት እንደ መጣ ለማስረዳት በመጀመሪያ አሠራራቸውን መመልከት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ግማሽ አውቶማቲክ የሚባለው ጠመንጃ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል። ነገር ግን ባዶውን ቀለህ አውጥቶ አዲሱን ጥይት የሚያጎርሰው የተኳሹ እጅ ሳይሆን የተኩሱ ኀይል ራሱ ነው። ይህም የሚፈጸምበት መንገድ አንድ ዐይነት አይደለም።

የዩታ ተወላጅ የነበረው ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ (1855–1926) በ1900 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ጠመንጃ፣ ጥይቱ ሲተኮስ ቱቦውና መቀርቀሪያው እንደ ተቆላለፉ አብረው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ከዚያም ቱቦው ቀድሞ ወደ ቦታው ሲመለስ ቀለሁ ይወጣል፤ መቀርቀሪያው ተከትሎ ሲመለስ አዲሱን ጥይት ያጎርሳል። ቱቦው የሚመላለሰው በሌላ ሰፊ ቱቦ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ጠመንጃው ከሩቅ በውፍረቱ ይለያል። ይህን ጠመንጃ የሬሚንግተን ኩባንያ ከ1906 ጀምሮ ሸጠው፤ ኋላም ሞዴል 8 ተባለ። በ1936 የተተካው ሞዴል 81 ደግሞ እስከ 1950 ድረስ ተሠራ። በቤልጅግ አገርም ለኢትዮጵያ ጦር የሞዘር ጠመንጃ ያቀረበው የኤርስታል ፋብሪካ ይህንኑ የብራውኒንግን ሥራ ሠርቶ ሸጧል።

የዊንቸስተር ሞዴል 1907 ግን መቀርቀሪያው ከቱቦው ጋር አይቆላለፍም። የተኩሱን ግፊት የሚመክተው ሞላውና ከፊት እጀታው እንጨት ውስጥ የተሸሸገው ከባድ ብረት ነው። ስለዚህም ጠመንጃው አጭር ሳለ 3.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የመጀመሪያውን ጥይት ለማጉረስ ተኳሹ ከቱቦው በታች ወጣ ያለውን ዘንግ በመዳፉ ወደ ኋላ ይገፋዋል።

ይህ ጠመንጃ በወጣበት በዚያው በ1907 የፔንሲልቬንያ ግዛት በአውቶማቲክ መሣሪያ ማደንን በሕግ ከለከለች። የኒው ዮርክ የአራዊት መጠበቂያ ኀላፊ የነበረው ዊልያም ሆርናዴይም በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ የዱር አራዊትን እንደሚፈጅ አጥብቆ ተከራከረ። የክርክሩ መሠረት ከብረቱ ይልቅ የአዳኙ ጨዋነት ነበር፤ ይኸውም አውሬው የማምለጫ ፋታ ሊያገኝ ይገባል የሚል ነው። ነገሩ በቶሎ አልተዘጋም። በዚያችው ግዛት በ2017 ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ ለትናንሽ አውሬዎች አደን ሲፈቀድ፣ ለአጋዘንና ለመሰሎቹ ግን እንደ ተከለከለ ቀረ።

የዛሬ ባለቤቶች የሚወዱባቸው ምክንያቶች ከሦስት ይመደባሉ። አንደኛው አሠራሩ ነው፤ ከብረት ተፈልፍሎ የወጣው አካልና የዋልነት እንጨት ሰደፉ በፕላስቲክ ዘመን ላለ ሰው የእጅ ሙያ ምስክር ይሆንለታል። ሁለተኛው ለቦታው መስማማቱ ነው፤ አጋዘን ከቅርብ በሚታይበት ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ረጅም ጠመንጃ በቅርንጫፍ ይያዛል፤ ሩቅ የሚሄድ ጥይትም አያስፈልግም። ሦስተኛውና ዋነኛው ዝምድና ነው። ቀለሙ የለቀቀው ብረትና በትከሻ የተፋቀው ሰደፍ የቀድሞውን ባለቤት እጅ ያሳስባል፤ ጠመንጃውን የወረሰ ሰው በየዓመቱ ወደ አደን ሰፈር ይዞት ሲወጣ የአባቱን ወቅት ያከብራል።

በዚህ ላይ የጥይቱ እጥረት አለ። ለሞዴል 1907 የተለካው ጥይት በትልልቅ ፋብሪካዎች መሠራቱ ስለ ቆመ፣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ቀለሁን ከሣር ውስጥ ለቅሞ፣ ባሩድና እርሳስ መጥኖ፣ በገዛ እጁ እንደገና ይሞላዋል። እያንዳንዱን ጥይት በድካም ያገኘ ሰው ደግሞ በከንቱ አይተኩስም። ስለዚህ በፍጥነቱ የተወገዘው መሣሪያ ዛሬ አዝጋሚና ቁጥብ የሆነ አደን መያዣ ሆኗል። ሕጉ ሊያስገኝ የፈለገውን ቁጥብነት በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ያስገኙት እጥረትና የአባት መታሰቢያ ናቸው። ከዚህም የምንረዳው፣ የመሣሪያን ትርጉም የሚወስነው አሠራሩ ብቻ ሳይሆን ሰዎች በዙሪያው ያቆሙት ልማድ መሆኑን ነው።