አንባቢውን ማን ያነበዋል?

በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ፖሊሶች አደገኛ ዕፅ ይመረትበታል ያሉትን ቤት ሲፈትሹ ከቆሻሻው መሐል አንድ ባዶ ፖስታ አገኙ። ፖስታው የተላከው ታተርድ ከቨር ከተባለው የዴንቨር መጽሐፍ መደብር ነበር። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ዕፅ ስለማምረት የሚያስተምሩ ሁለት አዳዲስ መጻሕፍት ተገኙ። ፖሊሶቹ ፖስታውን ከመጻሕፍቱ ጋር አገናኙና መደብሩ የደንበኛውን የግዢ መዝገብ እንዲያሳያቸው ማዘዣ ይዘው ሄዱ። የመደብሩ ባለቤት ጆይስ ሜስኪስ እምቢ አሉ። ክርክሩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2002 እ.ኤ.አ. መደብሩ ረታ። ኋላ ሲጣራ በፖስታው የተላከው ስለ ጃፓን ፊደል አጻጻፍ የሚያስተምር መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ።

የሰው ንባብ ከደብዳቤውና ከስልክ ንግግሩ ያላነሰ ጥበቃ ይገባዋል የምለው ለዚህ ነው። ደብዳቤ የጻፈ ሰው ቢያንስ ምን ማለት እንደሚፈልግ ወስኗል፤ የሚያነብ ሰው ግን ገና እያሰበ ነው። ስለ ፍቺ ሕግ ያነበበ ሁሉ አይፋታም፤ የሌላ እምነት መጽሐፍ የገለጠም ሁሉ እምነቱን አይለውጥም። የወረቀት መጽሐፍ ይህን ነፃነት ሳይጠየቅ ይሰጥ ነበር። በደርግ ዘመን የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ከተሰበሰበ በኋላ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሊዞር የቻለው፣ መጽሐፉ ማን እንደገለጠው የሚመዘግብበት መንገድ ስላልነበረው ነው።

የስክሪን ንባብ ግን ይመዘግባል። በኪንድል የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ የሚያነብ ሰው ብዙ አንባቢዎች ያሰመሩባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ከአስማሪዎቹ ብዛት ጋር ማየት ይችላል። ያ ቁጥር ከሰማይ አልወረደም፤ እያንዳንዱ ሰው ያሰመረው መስመር ወደ ኪንድል ባለቤት ኩባንያ ስለሚላክ የተገኘ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአዶቤ የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ ፕሮግራም ተጠቃሚው የትኛውን መጽሐፍ ከፍቶ የትኛው ገጽ ላይ እንደደረሰ ያለ ምንም ምስጠራ ወደ ኩባንያው ሲልክ ተደርሶበታል፤ በመንገድ ላይ የጠለፈው ሁሉ ሊያነበው ይችል ነበር ማለት ነው። ጋዜጣና መጽሔትም በኢንተርኔት ሲነበብ ከዚህ አያመልጥም። አንድ ገጽ ሲከፈት ከጽሑፉ ጋር የማስታወቂያ ድርጅቶች ኮድ አብሮ ስለሚጫን፣ ስለ ስኳር በሽታ ያነበቡትን ጽሑፍ ከአዘጋጁ ሌላ የማያውቁት ነጋዴም ያውቀዋል። የእኛ አገር አንባቢ ደግሞ መጽሐፍ በፒዲኤፍ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በቴሌግራም ነው። ለአንድ ቦት «ይህን መጽሐፍ ላክልኝ» ብለው ሲጽፉ፣ የቦቱ ባለቤት ጥያቄዎን ከአካውንትዎ መለያ ቁጥርና ካስመዘገቡት ስም ጋር ያገኘዋል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን አብዛኛው አንባቢ ጠይቆ አያውቅም።

«የምደብቀው የለኝም» የሚል መልስ ይመጣል። የጃፓን ፊደል ሊማር መጽሐፍ ያዘዘው የኮሎራዶው ሰውም መጽሐፉን የሚደብቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ አደጋው የንባብ ዝርዝር ሌላው ሰው እንደፈለገው የሚተረጉመው መሆኑ ላይ ነው። ወንጀል መርማሪስ ምን ይሁን ለሚልም፣ የኮሎራዶው ፍርድ ቤት በሩን አልዘጋም፤ መንግሥት መዝገቡ የግድ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ባለመደብሩ ባለበት ክርክር ያስረዳ ነው ያለው። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከደራሲያን ወገን የሚመጣው ነው። ኪንድል አንሊሚትድ በተባለው የደንበኝነት አገልግሎት ደራሲው የሚከፈለው በተነበበው ገጽ ልክ ስለሆነ፣ ገጽ የማይቆጠር ከሆነ እንጀራው ይቀራል። እውነት ነው። ነገር ግን ለክፍያ የሚያስፈልገው ስንት ገጽ እንደተነበበ እንጂ ማን እንዳነበበው ለዓመታት ማስቀመጥ አይደለም። «ተስማምተህ ነው የገባኸው» የሚሉት ክርክር ግን ብዙም አያስኬድም። በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አንድ ሰው የሚጎበኛቸውን ድረ ገጾች የግላዊነት ፖሊሲ በሙሉ ላንብብ ቢል በዓመት ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚፈጅበት ገምቷል፤ ያውም አንባቢው ቋንቋውን አቀላጥፎ የሚያውቅ ሆኖ ነው። በአማርኛ የሚያስብ ሰው በእንግሊዝኛ የሕግ ቋንቋ በተጻፈ ውል ላይ «እስማማለሁ» ሲጫን ምን ላይ እንደተስማማ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመልእክት ልውውጥን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የፖለቲካ አመለካከትን፣ ሃይማኖትንና ጤናን የሚመለከት መረጃ የተለየ ጥንቃቄ እንዲደረግለት ያዛል። የአንድ ሰው የንባብ ዝርዝር ሦስቱንም በአንድ ገጽ ሊናገር ስለሚችል፣ በእኔ እምነት በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ሥራውም ከባድ አይደለም። በአሜሪካ ለመርማሪዎች የቤተ መጻሕፍት መዝገብ የመጠየቅ ሥልጣን ከሰጠው ከ2001 እ.ኤ.አ. የፓትሪዮት ሕግ በኋላ ብዙ ቤተ መጻሕፍት በውሰት የወጣ መጽሐፍ ሲመለስ የተዋሰውን ሰው ስም ከመዝገቡ መሰረዝን ልማድ አድርገዋል። የአማርኛ መጽሐፍ መተግበሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎችም ክፍያው እንደተጠናቀቀ ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ።