የጠዋቷ መለኪያ

አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ ሰፈር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች ግሮሰሪ ውስጥ ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ። (ግሮሰሪ የሚለውን ቃል ከሸቀጥ ነጥቀን ለመጠጥ የሰጠነው እኛ ሳንሆን አንቀርም።) ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ገባና ቆሞ አረቄ አዘዘ። መለኪያዋን አላነሳትም፤ በሁለት እጁ ጠረጴዛው ላይ ይዞ አፉን ወደ እሷ ዝቅ አደረገ። ሁለተኛዋን ግን በአንድ እጁ አነሳት። እጁ ረግቷል። ከፍሎ ወጣ።

«ጨዋ ሰው ነው፤ ሰክሮ አይቼው አላውቅም» አለችኝ አስተናጋጇ።

እኛ ሰካራም የምንለው የሚንገዳገደውን፣ ሰው የሚሳደበውን ነው። ሐኪም የሚጠይቀው ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ካዘጋጃቸው 10 የመጠጥ መመዘኛ ጥያቄዎች አንዱ ስለዚህችው የጠዋት መለኪያ ነው። ለዓመታት በአልኮል ሲደነዝዝ የኖረ አንጎል ያንን ለመቋቋም ራሱን ያነቃል፤ መጠጡ ሲቀር ንቃቱ ብቻውን ይቀራል። የእጁ መንቀጥቀጥ እሱ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። «ወንድ ከሆንክ ተው!» ይባላል። ሁዳዴ ሲገባ ይምላል፤ ወይ ክፍል ውስጥ ይቆለፍበታል። ለብዙ ጠጪ እንዲህ በአንዴ ማቆም አይጎዳም። እጁ ለሚንቀጠቀጠው ግን በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ በ3ኛው ቀን ገደማ የሌለ ነገር ሊያሳየው፣ ካልታከመም ሊገድለው ይችላል። ቤተሰብ «ለከፈው» ብሎ ጸበል ይወስደዋል። ይውሰደው፤ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ሕክምናው ብርቅ አይደለም፦ በየቀኑ እየተቀነሰ የሚሰጥ ዲያዜፓም፣ ቫይታሚን ቢ1፣ ቀን ከሌት የሚከታተል ሰው።

የት ይሂድ? አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ነገር ግን በከተማችን አፍ «አማኑኤል ገባ» ማለት አበደ ማለት ስለሆነ፣ ባለመታወቂያው ሰውዬ ጉበቱ እስኪያብጥ ይጠብቃል እንጂ በዚያ በር አይገባም። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ያለበት ጤና ጣቢያ ለመጀመሪያ ምክር ይቀላል፤ የሚያይህ ሰውም ለደም ግፊት የመጣህ ይመስለዋል።

ጉዳቱ የጉበት ማበጥ ብቻ አይደለም፤ መጠጥ ካንሰር እንደሚያመጣ ብዙዎች አልሰሙም። አልኮል ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ የጉሮሮ፣ የጉበት፣ ኋላም የጡት። ቢራም ጠጅም ከዚህ አያመልጡም።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን አውርዷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው። የኦሎምፒያ ማታ ግን በማስታወቂያ አይሠራም፤ የሚጋብዘው ጓደኛ ነው። «አንድ ብቻ፣ በእኔ ሞት!» እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልጠጣም ለማለት አንድ ምክንያት ብቻ ያለ ጥያቄ ይታለፋል። መጠጥ የተወ አንድ ወዳጄ አምቦ ውሃውን አዝዞ ያችኑ ይላል፦ «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው።»

ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ እየወሰደ ነው።